ተጨማሪ መረጃ፦ በደረቅ አስፋልት ላይ ስለሚታሰር የአራት ጎማ ኃይል

እ.ኤ.አ. በ1984 መሠራት የጀመረው ባለ 70ው የቶዮታ ላንድክሩዘር፣ በአብዛኛው ዓይነቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የፍጥነትን ልዩነት የሚያስታርቅ ማእከላዊ ዲፈረንሻል ስለሌለው፣ ከጭቃማ ገጠር ተመልሶ የአራቱ ጎማ ማርሽ ሳይፈታለት በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ባለው ደረቅ አስፋልት ላይ ሲጠመዘዝ፣ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ ይልቅ ረዘም ያለ ቅስት ስለሚጓዙ፣ ኃይሉ መውጫ አጥቶ በዘንጎቹ ውስጥ ይታመቃል፤ በዚህም ምክንያት መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ፍሬን እንደ ተያዘ ሆኖ ይጎተታል፣ ከሥሩም ባለቤቱን የሚያስደነግጥ ድምፅ ይሰማል።

ስለዚህ ጠቢብ መካኒክ፣ ባለቤቱ ቢቻኮልም እንኳ፣ ካምቢዮውን ከማውረዱ አስቀድሞ የአራቱ ጎማዎች መጠን እኩል መሆኑን መርምሮ፣ ማርሹን ወደ ሁለት ጎማ መልሶ፣ የፊት ጎማዎቹንም መቆለፊያ ፈትቶ ይነዳዋል። ሕመሙ ከጠፋ ምሥጢሩ ተገለጠ፤ ካልጠፋ ግን መኪናው ሲነሣ የሚሰማው ምት ብዙውን ጊዜ የክሮቼራን መላላት፣ ከፍጥነት ጋር የሚጨምረው ጩኸት ደግሞ የዲፈረንሻልን ጥርስ ወይም የኩሽኔታን ማለቅ ያመለክታል።

አንባቢ ሆይ፣ ማርሹ ከአራት አልወጣም ቢልህ፣ በግድ አትጎትተው፤ መኪናውን ጥቂት ሜትር ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ንዳው።