ያባት ዕዳና የልጅ ቀለብ

«ያባት ዕዳ ለልጅ» ይላል ያገራችን ሰው፤ አባት ተበድሮ ቢሞት ልጅ ይከፍላል ማለቱ ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ጉዳይ ግን ተረቱን የሚገለብጥ ነው። ይኸውም ባለዕዳው አባት፣ ባለገንዘቡ ልጅ፣ ለመክፈያ የሚፈለገውም ገንዘብ አባት በሥራ ላይ ሳለ አካሉ ጎድሎ ያገኘው ካሣ የሆነበት ነው። ነገሩ የአሜሪካ ነው። ሆኖም ወደዚያ ተሻግረው በሹፌርነትና በልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ከእኛም የራቀ አይደለም።

በኒው ጀርሲ ግዛት ጣራ በመሥራት የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። ከሚስቱ ተፋቷል፤ ፍርድ ቤቱም ለልጁ በየሳምንቱ 150 ዶላር ቀለብ እንዲቆርጥ አዝዞታል። ይህ ሰው ከጣራ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። የአሠሪው ኢንሹራንስ ኩባንያ «ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ አይደለም» ብሎ ስለ ተከራከረ 50 ሳምንት ሙሉ ሰባራ ሳንቲም ሳያገኝ ቆየ። ያልተከፈለው ቀለብም 7,500 ዶላር ደረሰ። በመጨረሻ ነገሩ በስምምነት አለቀና የጠበቃና የሕክምና ወጪ ተቀንሶ 20,000 ዶላር ተረፈው። ለመሆኑ ይህ ገንዘብ የማን ነው? ወገቡ የተሰበረው ሰው ነው ወይስ ዓመት ሙሉ ቀለብ ያጣው ሕፃን?

ለዚህ መልስ ለመስጠት የካሣውን ምንነት ማወቅ ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን የተጎዳ ሠራተኛ ካሣ የሚያገኘው አሠሪው ጥፋተኛ መሆኑን በፍርድ ቤት ሲያስረዳ ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ዊስኮንሲን ባወጣችው ሕግ የተጀመረው፣ ሌሎቹም ግዛቶች እያከታተሉ የተቀበሉት ሥርዓት ግን ይህን ለወጠው። ሠራተኛው ጥፋት ሳያስረዳ ይከፈለዋል፤ በምትኩም አሠሪውን መክሰሱን ይተዋል። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሳምንቱ ክፍያ ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። እንግዲህ ካሣው በደመወዝ ፈንታ የቆመ ገንዘብ ከሆነ፣ በደመወዙ ላይ ድርሻ የነበረው ልጅ በካሣውም ላይ ድርሻ አይኖረውም ማለት አስቸጋሪ ነው።

የአሜሪካ ሕግም የተከተለው ይህንኑ ሐሳብ ነው። በ1975 በማዕከላዊው መንግሥት ርዳታ በየግዛቱ ቀለብ የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ተደነገገ። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ ውዝፍ ቀለብ በባለዕዳው ንብረት ላይ ወዲያውኑ የመያዣ መብት እንዲያስገኝ፣ መሥሪያ ቤቱም አዲስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቅ የጉዳት ካሣን ጭምር ለመያዝ እንዲችል አደረገ። በ2006 በጸደቀው ሕግ መሠረትም የባለዕዳዎች ስም ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። በኒው ጀርሲ የሠራተኛው የራሱ ጠበቃ ሳይቀር ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት ውዝፍ ቀለብ መኖር አለመኖሩን መመርመር ግዴታው ነው። በምሳሌያችን 7,500 ዶላሩ ለልጁ ይሄዳል፤ ለአባትየው 12,500 ዶላር ይቀረዋል።

ይሁን እንጂ ሕጉ አባትየውን ራቁቱን አያስቀረውም። በደመወዝ ፈንታ ከሚከፈለው ገንዘብ፣ ሌላ ሚስት ወይም ልጅ የሚያስተዳድር ሰው ከ50 በመቶ፣ የሌለው ከ60 በመቶ በላይ እንዳይቆረጥበት ወሰን ተደርጓል፤ ውዝፉ ከ12 ሳምንት ካለፈ በእያንዳንዱ ላይ 5 በመቶ ይጨመራል። የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በአንድ ጊዜ የሚከፈለውንም ካሣ፣ በደመወዝ ፈንታ እስከሆነ ድረስ፣ በዚሁ ወሰን ውስጥ ይቆጥረዋል። ለሕክምና የተመደበውን ክፍል ስለ መጠበቅ ግን የግዛቶቹ ደንብ ይለያያል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የ1986ቱ ሕግ ነው። የቀለቡ ቀን ካለፈ በኋላ ዳኛ እንኳ ቢራራ ያለፈውን ዕዳ ሊቀንሰው አይችልም፤ መቀነስ የሚቻለው የማሻሻያ አቤቱታ ከቀረበበትና ሌላው ወገን ከተነገረው ጊዜ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ የተጎዳ ሰው ከአልጋው ሳይነሣ አቤቱታውን ቢያጽፍ ይበጀዋል። «ታምሜ ነበር» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ዘግይቶ ከቀረበ ዕዳ አይሰርዝም። ብዙውን ሰው የሚጎዳው የሕጉ ጭካኔ ሳይሆን ይህን አለማወቁ ይመስለናል።

በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ወላጅ ለልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ነገር ግን ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ፍርዱን ወደ እንጀራ መለወጥ ሌላ ነገር ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የሚይዙት ወጣቶች ከዚህ ታሪክ ሊወስዱት የሚገባው የአሜሪካንን አንቀጽ አይደለም፤ መዝገብ ከመዝገብ ሲነጋገር ሕፃን እንደሚበላ ነው። እናት የፍርድ ወረቀቷን ይዛ ከደጅ ደጅ ስትንከራተት ልጁ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ያድጋል። ያለ ቀለብ ያደገበትን ዓመት ደግሞ ማንኛውም ካሣ አይመልስለትም።