የጋዝ ቧንቧና የአማና ጥያቄ፦ የዳይሬክተሮች ቦርድ ኃላፊነት በፊቅህ ዓይን

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጅቡቲ የኦጋዴንን የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ባሕር የሚያደርስ የ767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ለመዘርጋት ተስማሙ። ይሁንና ካሉብንና ሂላላን ለማልማት በ2006 ዓ.ም. ውል የገባው የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰረዘ፤ ቧንቧውም ሳይዘረጋ ቀረ። ጋዝን በሲሊንደር ብቻ ለሚያውቅ የደብረ ማርቆስ ደረሳ ነገሩ ሩቅ ይመስላል። ጥያቄው ግን በየመስጊዱ ወቅፍ ላይ የሚነሣው ነው፤ የሌላውን ሀብት በእጁ የያዘ ሰው ለማን፣ እስከ ምንስ ድረስ ይጠየቃል?

የወቅፍ ናዚር ገቢውን ለተመደበለት ዓላማ ያውላል፤ ዋናውን ንብረትም ከጥፋት ይጠብቃል። የቦርድ አባል ከእርሱ ጋር ፍጹም አንድ አይደለም፤ በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የሚመርጡት ባለአክሲዮኖች ናቸውና። ቧንቧ በግጦሽ መሬቱ የሚያልፍበት አርብቶ አደር ግን ድምፅ የለውም። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ሳይጀመር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግ የሚያዝዘው እንዲህ ያለውንም ሰው ለመጠበቅ ነው። በፊቅህ በኩል፣ የዑስማኒያ መጀለ በአንቀጽ 19 ያሰፈረው ጉዳትን የሚከለክል መርህ ለባለአክሲዮንና ለጎረቤት ልዩነት አያደርግም።

በእኛ አመለካከት ዋናው ፈተና የማይታየው ፍሳሽ ነው። ሚቴን ቀለምም ሽታም የለውም፤ በ20 ዓመት ስሌት ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ቦርዱ ልኬት ማዘዝና ውጤቱን መመርመር ይገባዋል። ናዚር በቸልታው ለጠፋው ንብረት ዳሚን ነው፤ «አላወቅሁም» ማለቱ አያድነውም።