የሠፈር ድምፅና ታላቁ መደብር፤ የኢንግልውድ ከተማ ክርክር

ዕቃ በርካሽ የሚሸጥ ታላቅ መደብር በከተማ ሠፈር ሊከፈት ሲል የሚነሣው ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ የዋጋና የደመወዝ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይተረጐማል። በሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው በኢንግልውድ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2004 የተደረገው ክርክር ግን ሌላ ጥያቄም ነበረበት፤ ስለ ሠፈሩ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?

የኢንግልውድ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 110 ሺህ ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ነበረ። ዎልማርት የተባለው ኩባንያ ከሆሊውድ ፓርክ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ 24 ሄክታር በሚያህል፣ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ከግማሽ ጋሻ በሚበልጥ መሬት ላይ መደብሮች ሊያሠራ አሰበ። ምክር ቤቱ አልፈቅድ ስላለው፣ የካሊፎርኒያ ሕግ ለመራጮች በሰጠው መብት ተጠቅሞ ፊርማ አሰባሰበና 71 ገጽ ያለው ረቂቅ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። (ይህ መብት በ1911 በሕገ መንግሥቱ ሲገባ የታሰበው የባቡር ሐዲድ ኩባንያውን ኃይል ለመግታት ነበር።) ረቂቁ ቢጸድቅ ኖሮ ግንባታው ነዋሪው በይፋ ሳይሰማ፣ በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጉዳትም ሳይመረመር ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ነዋሪው የተጠየቀው መደብሩን ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት የመናገር መብቱንም እንዲያስረክብ ነበር።

ደጋፊዎቹ ግን በከንቱ አልተናገሩም። ከንቲባው ሩዝቬልት ዶርን ሥራና ግብር ይገኛል ብለው ረቂቁን ደገፉ፤ ኑሮ የከበዳት እናትም ርካሽ ዕቃ ብትሻ የምትነቀፍ አይደለችም። በተቃራኒው የቆሙት የአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች፣ የሠራተኞች ማኅበራትና የሠፈር ማኅበረሰቦች ናቸው። የደቡብ ካሊፎርኒያ የምግብ መደብር ሠራተኞች ያደረጉት የወራት አድማ ገና በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ማብቃቱ ነበር። አሠሪዎቹ የሕክምና መድኅኑን ለመቀነስ የዎልማርትን ፉክክር ምክንያት አድርገው ስለ ነበር፣ ነገሩ ለብዙ ቤተ ሰብ የሩቅ ወሬ አልነበረም።

ኤፕሪል 6 ቀን 2004 ድምፅ ሲሰጥ፣ ኩባንያው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢያወጣም ከመቶ 60 ያህሉ መራጭ ረቂቁን ጣለው።

መሬቱ ግን ለብዙ ዓመት ባዶውን ከቆየ በኋላ በ2014 ለአንድ የስፖርት ባለሀብት ተሸጠ። ለስታዲየም የቀረበው እቅድም በዚያው በፊርማ መንገድ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን በፌብሩዋሪ 2015 ምክር ቤቱ ራሱ ያለ ሕዝብ ድምፅ አጸደቀው። ስታዲየሙ በ2020 ተከፈተ።