የግል ድረ ገጻችሁን አትዝጉት

አንድ የዚህ ቻናል ተከታይ ተማሪ «ቴሌግራም እያለልዎት የድሮውን ድረ ገጽዎን ለምን በየዓመቱ እየከፈሉ ያቆዩታል?» ሲል ጠየቀኝ። የብዙዎቻችሁም ጥያቄ ስለሚመስለኝ እዚሁ ልመልሰው።

የግል ድረ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው «እኔም አለሁ» ለማለት ነው፤ ስም፣ ፎቶ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ኢሜይል። የእኔም እንደዚያው ነበር። ባሕር ዳርን ላላዩ ዘመዶችና ውጭ ላሉ ጓደኞቼ የጣናን ዳር፣ የዓባይን ድልድይ፣ ወደ ዘጌ የሚሄዱትን ጀልባዎች አሳይበት ነበር። በአማርኛ መጻፉም ራሱን የቻለ ትግል ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ለዓመታት አንባቢው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ካልተጫነ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነው ብዙ ሰው እፎይ ያለው።

ከዚያ ፌስቡክና ቴሌግራም መጡና «አለሁ» የማለቱን ሥራ ወሰዱት። ሰው ያለበት ድረስ ስለሚሄዱ ከድረ ገጽ የበለጠ ይችሉበታል። ብዙዎች ድረ ገጻቸውን የተዉት ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን የድረ ገጽ ዋናው ጥቅም የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው ባይ ነኝ፤ ራስን ማሳያ መሆኑ ሲያበቃ ለሌላ ሰው ማስረጃ ይሆናል።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ለዘመድ ብዬ የለጠፍኩት የአሮጌው ድልድይ ፎቶ ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ታሪክ ነው። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በደንቢያና በፎገራ በኩል የተነሳ፣ ቀኑ የተጻፈበት ፎቶ ያለው ሰው ሐይቁን ለሚያጠኑ ባለሙያዎች ትልቅ ነገር ይዟል። ቴሌግራም ላይ የለጠፍነው በሳምንቱ ከአዳዲሱ ሥር ይቀበራል። አድራሻው ያልተለወጠ ገጽ ግን ከዓመታት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል።

ለአንድ ነገር የተሠራው ኋላ ለሌላ ማስረጃ መሆኑ ለጣና እንግዳ ነገር አይደለም። በደሴቶቹ ገዳማት ያሉት የብራና ወንጌሎች የተጻፉት ሊነበቡና ሊቀደስባቸው ነው። ውለው አድረው ባዶ ቅጠሎቻቸው ላይ የመሬት ስጦታና የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ተመዘገበባቸው። ወንጌሉ ወንጌል እንደሆነ ቀረ፤ ሌላ አገልግሎት ተጨመረለት። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን መጻሕፍት ፎቶ አንስቶ ካታሎግ አሳትሟል፤ የታሪክ ሰዎችም እነዚያን ማስታወሻዎች ዛሬም ይመረምሯቸዋል።

የዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ሲሠራ ስለ ድር የሚያስረዳ መምሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ሰርን ለታሪክ ብሎ በቀድሞ አድራሻው መለሰው። በተቃራኒው የግል ገጾች ማስተናገጃ የነበረው ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ የስንት ሰው የግል ገጽ አብሮ ጠፋ። የተረፈው ፈቃደኞች ደርሰው የቀዱት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦

• የራሳችሁ ዶሜይን ይኑራችሁ። የገጾቹን ሊንክ አትቀያይሩ።

• ፎቶ ስትለጥፉ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። «ጣና ዳር» አይበቃም፤ የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ወደብ እንደሆነ ይታወቅ።

• ሐሳባችሁ ቢለወጥ የድሮውን ጽሑፍ አታጥፉት። አዲሱን ከነቀኑ ከሥሩ ጨምሩበት።

• ቅጂ በሃርድ ዲስክ ያዙ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ድረ ገጼ ውጭ አገር ላለ ሰው ይከፈት ነበር፤ እዚህ ላለነው ግን አይከፈትም ነበር። በእጅ ያለ ቅጂ ብቻ ነው ያገለገለን።

• ገጻችሁን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አስቀምጡ፤ ክፍያ የለውም።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ የምከፍለው እኔ እንድታይ አይደለም፤ ነገ ይህን ሐይቅና ይህን ከተማ የሚያጠና ሰው የሚነሳበት ነገር እንዲያገኝ ነው። አንተም የመመረቂያ ጽሑፍህን ስትጨርስ ያነሳኸውን ፎቶና የሰበሰብከውን መረጃ ስልክህ ላይ አታስቀረው፤ የራስህን ገጽ ክፈትና ከነቀኑ አስቀምጠው።