ልጁ ተረት ሲናገር በሦስተኛ ክፍል የሚጠበቅበት

አገር ቤት የተማረ ወላጅ ልጁን አሜሪካ ትምህርት ቤት ሲያስገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መማሪያ መጽሐፉ ነው። «የት ምዕራፍ ደረሳችሁ?» ብሎ ጠይቆ የልጁን ትምህርት መከታተል ለምዷልና። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ስቴቱ ለሁሉም ትምህርት ቤት የሚያድለው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የለም። ያለው ስታንዳርድ የሚባል ሰነድ ነው። ልጁ በየክፍሉ መጨረሻ ምን መቻል እንዳለበት ይናገራል፤ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚማር መወሰኑን ግን ለካውንቲው ይተወዋል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ትምህርትን ስለማያነሳ ሥልጣኑ የየስቴቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ ስቴቶች ስታንዳርድ እንዲኖራቸውና ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብ እንዲፈትኑ ያስገድዳል፤ ይዘቱን ግን ዋሽንግተን አይጽፍላቸውም። በ2010 የስቴት ገዥዎች ማኅበርና የስቴት ትምህርት ኃላፊዎች ምክር ቤት ኮመን ኮር የተባለውን የጋራ ስታንዳርድ ሲያወጡ ሜሪላንድ በዚያው ዓመት ተቀበለችው። ቨርጂኒያ እምቢ አለች፤ ከ1995 ጀምሮ የራሷ ነበራት። ሚኒሶታ እንግሊዝኛውን ወስዳ ሒሳቡን ተወች። እናም ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ቤት የቀየረ ቤተሰብ የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገር የልጁ ስታንዳርድም አብሮ ይቀየራል።

ሰነዱን ከፍቶ ለሚያነብ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቅ ነው፤ ቁጥርና ነጥብ ይበዛዋል። ብልሃቱ የሚታየው አንድ ቁጥር ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል ሲከተሉት ነው። በኮመን ኮር የሥነ ጽሑፍ ንባብ ክፍል ውስጥ ቁጥር 2ን እንውሰድ። የኪንደርጋርተን ልጅ በመምህሯ እየታገዘች የምታውቀውን ታሪክ መልሳ ትናገራለች። አንደኛ ክፍል ስትገባ ታሪኩ የሚያስተላልፈውን ዋና መልእክት መረዳቷን ማሳየት አለባት። ሁለተኛ ክፍል ላይ የተለያዩ ሕዝቦች ተረቶች ይመጣሉ፤ የተረቱን ትምህርት ራሷ ለይታ ታወጣለች። ሦስተኛ ክፍል ትልቁ ዝላይ ነው፤ መልእክቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፣ በየትኞቹ ዝርዝሮች እንደተላለፈ ማስረዳት ይጠበቅባታል። አራተኛ ክፍል ላይ ግጥምና ድራማም ይጨመራሉ፤ ጭብጡን አውጥታ ጽሑፉን በአጭሩ ታጠቃልላለች። አምስተኛ ላይ ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ ችግር ሲገጥማቸው የሚያደርጉት ከጭብጡ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ትናገራለች።

እኛ ቤት ተረት ሲያልቅ አያት ምክሩን ራሳቸው ይናገሩታል፤ ልጅ ሰምቶ ይተኛል። የሦስተኛ ክፍሉ ስታንዳርድ ግን ተረቱ የጦጣ ከሆነ «ጦጣዋ ብልጥ መሆኗን በምን አወቅሽ? ምን ስታደርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ማታ በአማርኛ ተረት ላይ መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝኛው የሚያዳግተው ወላጅም ቢሆን በዚህ በኩል ልጁን ማገዝ አያቅተውም፤ ቃላቱንና አጻጻፉን ለትምህርት ቤቱ ይተወው።

ሌሎቹ የሰነዱ ክፍሎች ስለ መረጃ ጽሑፍ ንባብ፣ ስለ ጽሕፈት፣ ስለ መናገርና ማዳመጥ፣ ስለ ሰዋስው ናቸው። ፊደልና ድምፅን ማገናኘትን የመሰለው መሠረታዊ የንባብ ክህሎት ለብቻው ተቀምጧል፤ እሱም አምስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ስለዚህ ልጁ «ንባብ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል» የተባለ ወላጅ ቃላቱን አንብቦ መጥራት እንደቸገረው ወይስ ያነበበውን መረዳት እንዳቃተው መምህሩን ይጠይቅ፤ የሁለቱ ችግሮች ስታንዳርድም እርዳታም ለየቅል ነው። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች አማርኛ አስተርጓሚ ስለሚያቀርቡ እዚያ ያለ ወላጅ ጥያቄውን በራሱ ቋንቋ ማንሳት ይችላል።