የጌም ላፕቶፕን ፕሮሰሰር መቀየር ያዋጣልን?

ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ውሎ አድሮ አንድ ችግር ይገጥመዋል። አዲስ የወጣው ጌም ይንቀረፈፋል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ይቆራረጣል፤ ማራገቢያውም ያለ ዕረፍት ይጮኻል። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር አንጎል መሆኑን ስለተማርን፣ አንጎሉ ሲቀየር ማሽኑ በሙሉ የሚታደስ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ለወራት የተጠራቀመ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ፕሮሰሰሩ ከቦታው ይነሣልን? ማሽኑን ወደ ኋላ የያዘው በእርግጥ እርሱ ነውን? አዲሱ ፕሮሰሰር የሚያመነጨውንስ ሙቀት ላፕቶፑ ይችለዋልን? በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ይነሣል ወይስ ተበይዷል?

የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ከማዘርቦርድ ጋር የሚገናኙት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ፕሮሰሰሩን ማንሣትና መመለስ በሚያስችል ሶኬት ሲሆን፣ ሌላው በብየዳ ነው። ከኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች መካከል በሶኬት የሚገቡት የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡት የሃስዌል ትውልድ አባላት ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የሚቀበሉ ጥቂት ወፋፍራም ላፕቶፖች ብቻ ከዚህ የተለዩ ናቸው።

ሶኬት መኖሩም ብቻውን አይበቃም። አዲሱ ፕሮሰሰር የሶኬቱ ዓይነትና ትውልድ የሚፈቅድለት፣ ባዮስ የተባለው የማሽኑ መነሻ ፕሮግራምም የሚያውቀው መሆን አለበት። ስለዚህ የላፕቶፑን ሞዴል ለይቶ ፋብሪካው በዚያው ሞዴል ላይ የትኞቹን ፕሮሰሰሮች እንደገጠመ ማጣራት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ፕሮሰሰሩ የተበየደ ከሆነ ጥያቄው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚቀጥሉት ሐሳቦች ግን ለዚያ ላፕቶፕ ባለቤትም ይጠቅማሉ።

የዘገየው ማን ነው?

ጌም ማለት በፍጥነት የሚፈራረቁ ምስሎች ናቸው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማሳየት ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴና የጨዋታውን ሕግ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ሥዕሉን ይሥላል። ካርዱ አንዱን ፍሬም ሲሥል ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ያዘጋጃል። ስለሆነም የጠቅላላውን ሥራ ፍጥነት የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው።

ለምሳሌ ፕሮሰሰሩ 15፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ 25 ሚሊሰከንድ ቢፈጅባቸው የምናገኘው በሰከንድ 40 ፍሬም ነው። ፕሮሰሰሩን ቀይረን 15ቱን ወደ 10 ብናወርድም ያው 40 ፍሬም ነው፤ ገንዘቡ ግን ወጥቷል።

የዘገየውን ለማወቅ ምንም መግዛት አያስፈልግም። በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ፒክስል ዝቅ እናድርግ። በዚህም የሚሣሉት ፒክስሎች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይቀንሳሉ፤ የካርዱ ሸክም ይቀላል፣ የፕሮሰሰሩ ግን እምብዛም አይለወጥም። የፍሬሙ ቁጥር በጉልህ ከጨመረ የዘገየው ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ፕሮሰሰሩ ያመዝናል።

ብዙ ኮር ሁልጊዜ ብዙ ፍጥነት አይደለም

ፕሮሰሰሩ ዘግይቶ ቢገኝም የሚገኘውን ጥቅም አስቀድሞ መገመት ይገባል። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳመለከተው፣ ከአንድ ሥራ ውስጥ ለብዙ ሠራተኞች ሊከፋፈል የማይችለው ክፍል የጠቅላላውን ፍጥነት ይገድባል። አንድ ፍሬም ለማስላት አንድ ኮር 40 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 20ው ሊከፋፈል የማይችል ነው። በሁለት ኮር ሥራው 30፣ በአራት ኮር ደግሞ 25 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። የኮሮቹ ቁጥር እጥፍ ሆኖ ፍሬሙ ያደገው ከ33 ወደ 40 ብቻ ነው።

ሙቀት የሚያሰምረው ድንበር

ሦስተኛው ጥያቄ የፊዚክስ ነው። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይጨምራል። ሁለቱም በ10 በመቶ ቢያድጉ ኃይሉ በ33 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ይህም ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡትን ሁለት ፕሮሰሰሮች እናነጻጽር። ባለ ሁለት ኮሩ ኮር አይ5-3210ኤም የተመደበለት 35 ዋት ነው፤ ባለ አራት ኮሩ ኮር አይ7-3610ኪውኤም ግን 45 ዋት ነው። የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ለ35 ዋት ብቻ ተለክቶ የተሠራ ከሆነ አዲሱ ፕሮሰሰር የሙቀት ወሰኑ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በብዙ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሙቀት ቱቦና ማራገቢያ ስለሚጋሩ አንዱ ሲግል ሌላውም ይጎዳል።

የምንኖርበት ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም ጠርጎ የሚያወጣው የአየር መጠነ ቁስ ያንኑ ያህል ያንሳል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ከፊሉን ቢያካክስም ለትርፍ ዋት የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ጌሙን ለ30 ደቂቃ ያህል እየተጫወትን የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት በመቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንከታተል። ፍጥነቱ ፋብሪካው ከመደበለት መነሻ በታች ከወረደና ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተጠጋ በሽታው ሙቀት ነው። መድኃኒቱም በማራገቢያው ላይ የተከማቸውን አቧራ ማስጠረግና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ማስለወጥ ነው፤ ይህም ከአዲስ ፕሮሰሰር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ማሽኑ አንድ የራም ካርድ ብቻ ካለው ተመሳሳዩን መጨመር ፕሮሰሰሩ መረጃ የሚያገኝበትን መንገድ ያሰፋል። ጌሙ ለመከፈት የሚዘገይ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ይበጃል፤ የፍሬሙን ቁጥር ግን እንደሚያሳድግ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

ፕሮሰሰር መቀየር የሚያዋጣው ሦስቱም ጥያቄዎች አዎንታዊ መልስ ሲያገኙ ነው። ይኸውም ሶኬቱና ባዮሱ ሲፈቅዱ፣ የዘገየው ፕሮሰሰሩ መሆኑ በመለኪያ ሲረጋገጥና ማቀዝቀዣው ለአዲሱ ዋት ሲበቃ ነው። አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን ለሌላ ማሽን ማቆየት ይሻላል። አበው አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላሉ። ውድ አንባብያን፣ በላቦራቶሪ የምንማረው የመለካት ልማድ ለኪሳችንም የሚሠራ መሆኑን እንዲህ ያለው ውሳኔ ያሳየናል።