ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ አለ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ሚኒሶታ የመጣችው በጥር ብርድ ነበር። «ይሄ ብርድ ሳይሆን ቅጣት ነው» አለች ገና ከአየር ማረፊያው ስንወጣ። እንዲሞቃት ብዬ በተከራየነው ቤት ሳሎን ውስጥ ያለውን የግድግዳ ምድጃ፣ ፋየርፕሌስ የሚሉትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነደድኩላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ወጥ እየሠራች ስለነበር የኩሽናው አየር ማስወጫ ማራገቢያ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። እማዬ ራሷን አመማት። «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» አለች። ማን ይጠራጠራል? በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠልኩና ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ ሳሎን አስገባሁት። ጀበናው ሳይፈላ ኮሪደሩ ላይ ያለው አላርም ጮኸ።

የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በሥራዬ በየቀኑ የማስጠንቀቂያ መልእክት ይደርሰኛል፤ አብዛኛው የሐሰት ስለሆነ ማጥፋት ለምጃለሁ። እጄ በቀጥታ የሄደውም ባትሪውን ወደ ማውጣት ነበር። ያስቆመችኝ የስድስት ዓመት ልጄ ናት፦ «አባዬ፣ ይሄ ሲጮህ ወደ ውጭ ውጡ ብለውናል እኮ!» ወጣን፤ 911 ደወልን። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በመለኪያቸው ሳሎኑ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አገኙ። ለእማዬ ኦክስጅን ሰጧት፤ ራስ ምታቱም ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሕመሟ የቡና አምሮት አልነበረም።

የማይታየው ጋዝ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። እንጨት፣ ከሰል ወይም ጋዝ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆኑ ጉንፋን ይመስላሉ። የቤቱ ሰዎች አንድ ላይ ካመማቸው፣ ከቤት ሲወጡም ከተሻላቸው ይህን ጋዝ ይጠርጥሩ።

በአሜሪካ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች፣ ከእሳት ቃጠሎ ጋር ባልተያያዘ ሁኔታ በዚህ ጋዝ ይሞታሉ። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ውስጥ በከባድ ብርድ መብራት ሲጠፋ፣ አንዳንዶች ከሰል ቤት ውስጥ በማንደድ፣ ሌሎችም ጋራዥ ውስጥ መኪና በማስነሳት ለመሞቅ ሞክረው ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ መካከል የእኛው ሰዎች ነበሩ።

የት ላይ ተሳሳትን?

እኛ ያደግነው ጭስን እየፈራን ነው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ ሲያልቅ ይገባል። ይህ ዓይንን ከመቆጥቆጥ ያድናል እንጂ ከመታፈን አያድንም። ቀልቶ የሚያምረው ፍም ያለ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። አገር ቤትም ስንቱ ነው በከሰል ጭስ ታፍኖ አደረ የተባለው! የብርድ አገር ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ በጣም ተደፍኖ የተሠራ ነው።

ፋየርፕሌስ የሚሠራው ሞቃት አየር በጭስ ማውጫው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የወጣው አየር በሌላ መተካት አለበት። በተዘጋ ቤት ውስጥ ማራገቢያው አየሩን ሲስብ፣ ምትክ አየር የሚገባው በጭስ ማውጫው በኩል ሊሆን ይችላል። ያኔ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ጋዝ ወደ ሳሎን ይመለሳል። እኛ ቤት ከሰሉ ሲጨመርበት ነገሩ ባሰ።

ምን እናድርግ?

• ከሰል ቤት ውስጥም ሆነ ጋራዥ ውስጥ አያንድዱ። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም።

• ፋየርፕሌሱን ከመለኮስዎ በፊት የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። የኩሽናውን ማራገቢያ ያጥፉ፤ አጠገቡ ያለውንም መስኮት በትንሹ ገርበብ ያድርጉ።

• ተፈልጦ ቢያንስ ስድስት ወር የደረቀ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ይጠቀሙ። ቀለም የተቀባ እንጨትና ፕላስቲክ አያቃጥሉ።

• ሙቀት እንዳይወጣ ብለው ማታ መዝጊያውን አይዝጉ። አመዱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ከዚያም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርገው ከቤት ያርቁት።

• ጭስ ማውጫው በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይታይ። ተከራይ ከሆኑ፣ መቼ እንደታየ አከራይዎን ይጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

• በየፎቁና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑርዎት። የጭስ አላርም ብቻውን ይህን ጋዝ አያውቅም። በአሜሪካ አራት ጊዜ ጮኾ ፋታ እየወሰደ የሚደግም ከሆነ ወዲያውኑ ይውጡ፤ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ጢጥ ካለ ባትሪው ወይም ዕድሜው አልቋል ማለት ነው።

• አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ካለ እንጨት ባይነድ ይመረጣል። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የአየር ማጣሪያ ማሽን ብናኙን ቢቀንስም ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም።

እማዬ እስክትመለስ ድረስ ቡናችንን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላን። «ከሰል የሌለው ቡና ምን ቡና ነው!» እያለች ለሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ግን ረከቦቱን ራሷ ዘረጋችና፣ ቀና ብላ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አላርም አይታ «ባትሪው አለ?» አለችኝ። እርስዎም ዛሬ ማታ ሳይተኙ የአላርምዎን መሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ።